አንድ የዕረፍት ቀን በላንጋኖ

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል። አንደኛው የዕለት ሥራውን ጨርሶ ጋቢውን የተከናነበ ገበሬ ነው፤ ሁለተኛው ዳግመኛ ላይነሣ ያሸለበ ሟች ነው። «አርፈህ ተቀመጥ!» ሲባል ደግሞ ቃሉ ተግሣጽ ይሆናል። ቋንቋ የሕዝብ ኑሮ መዝገብ ነውና፣ ይህ አነጋገር የሚመሰክረው ነገር አለ። ከማረሻና ከወፍጮ፣ ከእንስራና ከማገዶ ሳይለይ ለኖረ ሠርቶ አደር፣ ሙሉው ዕረፍት የሚገኘው ከሞት ወዲያ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። በሕይወት ሳለ የሚያርፍ ሰው በጥርጣሬ ይታያል። «ሥራ ፈት» የሚል ስም ይለጠፍበታል፤ ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እየተባለም ይተረትበታል።

ይህ ማለት ግን የደጋው ሰው ዕረፍት አያውቅም ማለት አይደለም። በበዓል ቀን በሬዎቹን ከቀንበር ይፈታል፤ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የታመመ ይጠየቃል። ዕረፍቱ የማኅበር ነው፤ ቦታውም ቤቱና ደጃፉ ነው። ባህሉ ብዙም ያልለመደው ሌላ ዓይነት ዕረፍት ነው። ይኸውም ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ሳይሆን፣ ስለት ሊያደርስ ሳይሆን፣ ሊነግድ ወይም ሊታከም ሳይሆን፣ እንዲያው ከቤቱ ተነሥቶ ውኃ ዳር ተቀምጦ ውሎ፣ ባዶ እጁን የሚመለስበት ዕረፍት ነው።

እንዲህ ያለው ዕረፍት በብዙው ዓለም ለረጅም ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ድርሻ ነበር። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃው ወርደው ሥፍራውን ከወደዱት በኋላ ነው። በሰሜን እስፓኝ በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው ሳን ሴባስቲያንም ስሟ የገነነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንግሥት ማሪያ ክሪስቲና በጋውን በዚያ ታሳልፍ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በዚያው አሸዋ ላይ የአውቶቡስ ሹፌርና የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ፎጣቸውን አንጥፈው ይውላሉ። ከንግሥቲቱ አሸዋ ወደ ሹፌሩ አሸዋ ለመድረስ ግን ትግል ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1936 በፈረንሳይ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ከተካሄደ በኋላ፣ ሠራተኛው በዓመት 2 ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በ24ኛው አንቀጹ ዕረፍትን ከመብቶች ተራ አስገባው። በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በበኩሉ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በሳምንትም ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ያዛል።

ሕግ ቀኑን ይሰጣል፤ ቀኑ እንዴት እንደሚዋል ግን አያስተምርም። የሚዋልበትንም ሥፍራ አያበጅም። በቀደመው ዘመን አቅሙና ዕድሉ የነበረው ኢትዮጵያዊ ወደ ምፅዋ ወርዶ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ የቀይ ባሕርን ማዕበል ያይ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ «ባሕር ዳር መዋል» የሚለው ምኞት ወደ ሐይቆቹ ዞረ፤ ከእነርሱም መካከል ላንጋኖ ቀዳሚ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ፣ ውኃው ከብልሃርዝያ የጸዳ ነው በመባሉ ለዋና ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ሆቴሎችን የደረደሩት ባለሀብት በቀለ ሞላም ዳርቻውን ከመዝናኛነት ጋር ካስተዋወቁት ቀደምቶች አንዱ ናቸው።

አንድ የአሰላ መምህር ይህን ሁሉ ያውቃል። የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለ27 ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስምጥ ሸለቆን ሲሥል፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አቢጃታንና ሻላን በሰማያዊ ጠመኔ ሲያቀልም ኖሯል። ላንጋኖን ግን በአውቶቡስ መስኮት ሲያልፍ እንጂ ከዳርቻው ቆሞ አላየውም። የመምህር ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ነው። ክረምት ደግሞ በአርሲ ደጋ የጭቃና የዝናብ ወራት ነው፤ ብዙው መምህርም ያን ጊዜ ወይ ለክረምት ትምህርት ይሄዳል፣ ወይ ወላጆቹን በእርሻ ያግዛል። እንግዲህ የቀረችው የመንፈቀ ዓመቱ አጭር ዕረፍት ናት። የገብሱና የስንዴው አዝመራ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በአንድ የየካቲት ቅዳሜ፣ የሦስት መምህራን ቤተሰቦች ከእቁባቸው ላይ አዋጥተው አንድ ሚኒባስ ተከራዩ።

መምህሩ ባለቤቱን፣ ሦስት ልጆቹንና እናቱን ይዞ ተሣፈረ። እናቱ በሙኔሳ ደን ጥግ ተወልደው ያደጉ፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ባልቴት ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው በኦሮምኛ «አኮ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ባለቤቱ ጭኮውን በሰፌድ፣ እርጎውን በጮጮ፣ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልላ አዘጋጅታለች። እርሱም የራሱን ስንቅ አልረሳም፤ የ80 ተማሪዎች የፈተና ወረቀት በቦርሳው ሸጉጧል። ባለቤቱ አይታ፣

«ዛሬን እንኳ ተወው እንጂ!» አለችው።

«ካልሆነ አወጣዋለሁ እንጂ አላርምም» አለና ዚፑን ዘጋ።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በስተጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ጭላሎ ቆሟል። የላንጋኖ ውኃ የተኛው ደግሞ በ1,585 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ጉዞው ቁልቁለት ነው፤ ሹራብ በየመንገዱ ይወልቃል። የገብስ ገለባው ማሳ ቀርቶ ግራር ይመጣል፤ ብርዱ ቀርቶ አቧራ ይመጣል። ሐይቁ ከግራሮቹ መካከል ብቅ ሲል ልጆቹ ጮኹ። ትንሹ ልጅ ግን ቅር አለው።

«አባዬ፣ አንተ ስትሥለው ሰማያዊ ነው። ይኼ ሻይ ይመስላል» አለ።

እውነቱን ነው። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። በውስጡ እጅግ ደቃቅ ደለል ሳይዘቅጥ ተንሳፎ ስለሚኖር፣ ውኃው ከፀሐይ በታች ሲታይ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቅ በሆነው ቦታው ከ45 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዳር የቆመ ሰው ማዶውን እንደ ጭጋግ እንጂ እንደ መሬት አያየውም። ነፋስ ሲነሣ ማዕበል አለው፤ ማዕበሉም አሸዋውን እየላሰ ይመለሳል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ይህ ባሕር ነው።

ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ገቡ። የመምህራኑ ሚስቶች ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው እስከ ጉልበታቸው ተነከሩ፤ ቆይተውም እንደ ልጃገረድ ውኃ መረጫጨት ጀመሩ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከዳር ቆሙ፤ ስለ ዝውውርና ስለ ደመወዝ ጀምረው የነበረው ጨዋታ ሳያስቡት ስለ ልጅነት ሆነ። መምህሩ ከግራር ሥር ተቀምጦ የፈተና ወረቀቶቹን አወጣ። አራቱን አረመ። አምስተኛው ላይ ነፋሱ ወረቀቱን ገለበጠበት፤ እርሱም መልሶ ቦርሳ ውስጥ ከተተውና ጋደም አለ። ባለቤቱ ዞር ብላ ስታየው እንቅልፍ ወስዶታል። በጠራራ ቀን ተኝቶ አይታው አታውቅም። ከሰዓት ያህል በኋላ እንደ ሌባ ደንግጦ ተነሣና፣

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ።

«ምን ቀጠሮ አለብህ?» አለችው።

የሚመልሰው አጣ። ለካ ምንም ቀጠሮ የለውም። ይህን ለመቀበል ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ በኋላ ጫማውን አወለቀ።

የአርሲ ደጋ ለዓለም ያበረከታቸው ሯጮች ይህን ነገር ከመምህራን ቀድመው ተረድተውታል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባሕር ዳሯ ባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ስታጠልቅ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በአሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የዓለም ክብረ ወሰኖችን ደጋግሞ ሰብሯል። ሯጭን የሚያሠለጥን ሁሉ የሚናገረው አንድ እውነት አለ፤ ልምምድ ጡንቻን ያደክማል፣ ጡንቻ የሚጠነክረው ግን ከልምምዱ በኋላ ባለው ዕረፍት ነው። ዕረፍት የሌለው ሯጭ ይሰበራል። ስለ እግር የሚታመነው ይህ ነገር ስለ አእምሮ ሲነገር ቅንጦት ይመስላል። ሰማንያ ወረቀት አርሞ በማግሥቱ ስድስት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው አእምሮው እንደ ሯጩ እግር መሆኑን የሚያስብለት ጥቂት ነው።

በዚያ ዳርቻ ግን ያላረፉም ነበሩ። ከቀትር በፊት አንድ የ10 ዓመት ያህል ልጅ ከብቶቹን እየነዳ ውኃ ሊያጠጣ መጣ። ከብቶቹ ሲጠጡ እርሱ በዱላው ተደግፎ የመምህራኑን ልጆች ዋና ያያል። የት ጋ ጭቃ እንዳለ፣ የት ጋ ድንገት እንደሚጠልቅ በእጁ ያመለክታቸዋል። ባለቤቲቱ ጭኮ ሰጠችው። አኮ በኦሮምኛ አነጋገሩት፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንት ከብት እንዳላቸው፣ ትምህርት ቤት ይገባ እንደሆነ ጠየቁት። መቼ ያርፋል ሲሉትም፣

«ከብቶቹ ሲያርፉ» አላቸው።

ይህ መልስ ከዕረፍት ሕጎች ሁሉ ውጭ ያለውን ሰው ያሳያል። የዓመት ፈቃዱ በደመወዝ መዝገብ ላይ የተመዘገበለት ሠራተኛ በሀገራችን ከብዙኃኑ መካከል ጥቂቱ ነው። እረኛው፣ ገበሬው፣ የቤት እመቤቷና የጉልት ነጋዴዋ በየትኛውም አዋጅ 16 ቀን አልተቆጠረላቸውም። የውኃው ዳርቻም ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። በአንዳንዱ ሥፍራ አጥር አለ፣ የመግቢያ ዋጋ አለ፤ ከብቱ የሚጠጣበትና እንግዳ የሚዋኝበት ዳርቻ እየተለያየ ሄዷል። ዕረፍት ከንግሥቲቱ አሸዋ ወደ ሹፌሩ አሸዋ የተሻገረው በአንድ ቀን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከመምህሩ ወደ እረኛው ለመሻገርም ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

አኮ እስከ ቀትር ድረስ ወደ ውኃው አልቀረቡም ነበር። ይዘውት የመጡትን እንዝርት አውጥተው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ እጃቸው ሥራ ካልያዘ ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም። በኋላ የልጅ ልጃቸው እየሮጠች መጣችና፣

«አኮ፣ ነይ እንግባ!» አለቻቸው።

እርሳቸውም እንዝርቱን አስቀምጠው ተነሡ፤ ግን በቀጥታ አልገቡም። ጎንበስ ብለው ለምለም ሣር ነጩ፣ ከውኃው ዳር ቆመው ሣሩን ነከሩ፣ በእጃቸው ጥቂት ውኃ ረጩ፣ ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ። ኦሮሞ በኢሬቻ ለፈጣሪው ለዋቃ ምስጋና የሚያቀርበው እንዲህ እርጥብ ሣር ይዞ፣ ከውኃ ዳር ቆሞ ነው። ለልጆቹ ሐይቁ መጫወቻ ነበር፤ ለአባታቸው ካርታ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን መጀመሪያ ሰላምታ የሚገባው ነገር ነው።

«ይህን ያህል ውኃ ከየት ተሰበሰበ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

መምህሩ በዚህ ጥያቄ ደስ አለው። በአሸዋው ላይ በጣቱ ሣለላቸው። በአሰላ በኩል የሚወርደው ውኃ በከታር ወንዝ ወደ ዝዋይ እንደሚገባ፣ ወደ ላንጋኖ የሚገቡት ግን እንደ ገደምሶና ሌጲስ ያሉት፣ ከአርሲ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት የሚነሡ ወንዞች እንደሆኑ አስረዳ። ሐይቁ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ውኃው በሆራ ከሎ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይሻገራል። ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አራቱ ሐይቆች አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደነበሩ፣ እነርሱ የተቀመጡበት ግራርም ያኔ ከውኃ በታች ይሆን እንደነበር ነገራቸው።

አኮ ከሁሉ የያዙት አንዱን ብቻ ነው።

«እንግዲያ የሙኔሳ ውኃ ነው» አሉ።

«አዎ እማዬ፣ ካንቺ ሀገር የሚወርደው ወደዚህ ነው።»

ባልቴቷ ዝም ብለው ቆዩ። በልጅነታቸው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ እንስራ በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን የወጡት ያን ውኃ ተሸክመው ነው። ተድረው ከሄዱም በኋላ ውኃ ቀድተዋል፤ አርግዘው ቀድተዋል፣ አራስ ሆነው ቀድተዋል። ውኃ በሕይወታቸው ሙሉ ክብደት ነበረ። አሁን ግን ትንሿ ልጅ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ በዚያው ውኃ ላይ ተንሳፋለች።

«እኔ ውኃ ተሸክሜ ኖርኩ» አሉ አኮ፤ «ዛሬ ደግሞ ውኃው ልጆቼን ተሸከመ።»

ከዚያም ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና፣ እስኪመሽ ድረስ እንዝርቱን አላነሡም።

የዚያን ቀን ደስታ ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአሸዋው ላይ የተሣለው ካርታ ሌላም ነገር ይናገራል። ወንዞቹ የሚያመጡት ውኃ ብቻ አይደለም። በተዳፋቱ ላይ ደን ሲመነጠርና ቁልቁለቱ ሲታረስ፣ አፈሩ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ወንዙ በመስኖና በድርቅ ሲቀጥንም ሐይቁ ይቀንሳል። ለዚህ ምስክሩ ጎረቤቱ አቢጃታ ነው። ወደ እርሱ የሚፈሰው ውኃ በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ በመጠለፉ፣ የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ምርት በመቀዳቱ፣ ሐይቁ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው ጠፋ፤ ዓሣ አዳኝ ወፎችም ሌላ ውኃ ፍለጋ በረሩ። የዱሮው ዳርቻ ዛሬ ነጭ የደረቀ መሬት ነው። ላንጋኖ እንዲህ አልሆነም። እንዲህ እንዳይሆን የሚያደርገው ግን ከዳርቻው የሚዝናናው ሰው አይደለም፤ ከላይ በተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው፣ እርከን የሚሠራው፣ ዛፍ የሚተክለው ወይም የሚቆርጠው ሰው ነው። በሐይቁ ዳር የሚገኝ የአንድ ቀን ዕረፍት ከተራራው ሥራ ጋር በአንድ ወንዝ የተሣሰረ ነው።

ይህ ጉዳይ ለኪነ ጥበብ ሰዎችም ጥያቄ ያቀርባል። ሥነ ጽሑፋችንና ቴአትራችን ሥራን፣ ረኀብን፣ ጦርነትን፣ ስደትንና ሞትን አብዝተው ገልጸዋል፤ የሚገባም ነበር። ሰው በሰላም ያረፈበት ቀን ግን በመድረካችን ላይ እምብዛም አይታይም፤ ታሪክ የሌለው ይመስላልና። የዚያች ባልቴት እግር ውኃው ውስጥ ሲገባ የተከናወነው ነገር ከብዙ ጩኸት የበለጠ ታሪክ ያዘለ ነው። የሕዝብ ኑሮ የሚለካው በደከመበት ብቻ ሳይሆን ባረፈበትም ነውና፣ ማን እንዳረፈ፣ የት እንዳረፈ፣ ማን ሳያርፍ እንደቀረ መመልከት የደራሲና የሠዓሊ ሥራ ነው።

ቤተሰቦቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሣፈሩ። ሹራቡ በየመንገዱ ተመልሶ ተለበሰ። ልጆቹ በእናቶቻቸው ጭን ላይ ተኙ፤ አኮም በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሐይቁን ውኃ ቀድተው ይዘው ነበርና፣ ጭናቸው ላይ አቅፈውት ተጓዙ። ጠርሙሱ በመስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሳምንት ሞላው፤ ውኃው ግን አልጠራም።

ትምህርት ሲከፈት መምህሩ ጠርሙሱን ከእናቱ ተውሶ ክፍል ይዞ ገባና ከጠረጴዛው ላይ አቆመው። ተማሪዎቹ ሻይ ነው፣ ጠላ ነው፣ የጎርፍ ውኃ ነው እያሉ ሳቁ። ላንጋኖ ነው ሲላቸው ዝም አሉ።

«ቀለሙ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ።

ለትምህርት ከሙኔሳ መጥታ፣ በአሰላ ቤት ተከራይታ የምትኖር አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«ከእኛ ማሳ ሊሆን ይችላል» አለች።

መምህሩ ጠመኔውን አነሣ። ለ27 ዓመታት ስምጥ ሸለቆን ሲሥል ከሐይቆቹ ነበር የሚጀምረው። በዚያ ቀን ግን ከተራሮቹ ጀመረ።